ለዘንድሮ ያልተገዛች ብስክሌት

ብስክሌት ነጂ ፔዳል መምታቱን ትቶ የኋላው ጎማ በራሱ ጉልበት ሲሽከረከር የምትሰማ ትርርር የምትል ድምፅ አለች። ዛሬም መንገድ ላይ ከኋላዬ ስትመጣ ከሰማኋት የጀመርኩትን ወሬ አቋርጬ ዞር እላለሁ፣ ወዲያውም በወደብ ከተማዋ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር የነበረው ቤታችን፣ የእናቴ የስፌት መኪና፣ ደጃፋችን ላይ ግድግዳ ተደግፋ የምትቆመው ሰማያዊ ብስክሌት ከነሙሉ ቁመቷ ፊቴ ድቅን ይላሉ። ከነሙሉ ቁመቷ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከቁመቷ ነበርና።

በእኛ ቤት በልክ የሚገዛ ነገር አልነበረም። የትምህርት ቤት ጫማዬ ጫፉ ላይ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ነበር የሚጀመረው፤ እናቴ ደግሞ ቤት ውስጥ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት ስለነበረች፣ የኔን ቀሚሶች ሁሉ ከታች ሰፊ ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋቸውና፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየለቀቀች ከኔ ጋር ታሳድጋቸው ነበር። አባቴ ወደብ ላይ የአዲስ አበባ ጭነት የሚያስጨርስ ትራንዚተር ነበር። በዚህ ነገር ላይ አንድ ፍርድ ብቻ ነበረው፤ «እያደገች ትደርስበታለች» ይላል፣ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። እኔም ሰፊ ጫማዬን እየጎተትኩ፣ ሰው ሲስቅብኝ እየተኮሳተርኩ አደግኩ።

ካምሲን የሚባለው አሸዋ ያዘለ የሙቀት ወራት ነፋስ ሊነሳ ሲል፣ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱ ፈረንሳዮች ዕቃቸውን እየሸጡ ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት አክስቴ ዘውዴ ኤሮን ሰፈር ከአንድ እንዲህ ካለ ቤተሰብ ዘንድ እዚያው እያደረች ትሠራ ስለነበር፣ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ወሬው ቀድሞ እኛ ቤት ይደርስ ነበር። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ዓመት ያመጣችው ወሬ ግን የፍሪጅ ወይም የምንጣፍ አልነበረም። መሪያቸው እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ፣ ጎማቸው የቀጠነ፣ አስፋልት ላይ ለመሮጥ የተሠሩ ሁለት ብስክሌቶች ሊሸጡ ነበር። የሰፈር ልጆችን ብስክሌት እየለመንኩ መንዳት የለመድኩና አባቴን «ግዛልኝ» እያልኩ ስነዘንዘው የከረምኩ ልጅ ስለነበርኩ፣ ያን ምሽት እህል አልበላም አለኝ።

ከአባቴ ጋር ልናያቸው ሄድን፤ ከሁለቱ ትንሿ፣ ቀይዋ፣ የቤቱ ልጅ ትነዳት የነበረች ናት። ወጣሁባት፤ እግሬ ፔዳሉን ረገጠ፣ እጄ ፍሬኑን ጨበጠ፣ ለኔ ተለክታ የተሠራች ትመስል ነበር። አባቴ አንዴ ብስክሌቷን አንዴ እኔን አየና፣ «ይቺ የዘንድሮ ናት» አለ፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ሰማያዊዋ፣ ወደ ትልቋ አዞረ። ትልቋ የእመቤቲቱ የራሷ ነበረች። ማዳም ፀጉሯ ሽበት የጀመረው፣ ቁመተ ረጅም ሴት ነበረች፣ አክስቴ እንደምትለው ጎህ ሲቀድ በብስክሌቷ ወጥታ ፀሐይ ሳትበረታ ላብ በላብ ሆና ትመለስ ነበር።

«ትሮ ግራንድ፣ መስዩ፣ ለልጅቷ በጣም ትልቅ ናት» አለች ማዳም፣ እጇን ከኔ አናት ወደ ኮርቻው እየወሰደች።

አባቴ በወደብ ፈረንሳይኛው «ኤል ቫ ግራንዲር» አላት፤ ታድጋለች ማለቱ ነው። አክስቴ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ ቀይዋን ዞር ብዬ እያየሁ፣ ሰማያዊዋን ከአባቴ ጋር እየገፋሁ ወጣሁ።

ሰፈራችን ስንደርስ በቀጥታ የሄድነው ብስክሌት ጠጋኙ ሮብሌ ዘንድ ነው። ሮብሌ ሶማሌ ነው፣ ድሬዳዋ ስለኖረ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል፣ ቀልድም አይጠፋውም። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ገፋና እኔን አንስቶ አስቀመጠኝ፤ የእግሬ ጣቶች ፔዳሉን ፈልገው አየር ላይ ቀሩ። «ወንድሜ፣ ዋላሂ መሰላልም ግዛላት» አለው ለአባቴ። የሰፈሩ ሰው ሳቀ። በመሃል ታላቅ ወንድሜ ሳሚ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደረሰና ዘሎ ወጣባት፤ መንገዱን አንድ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ፣ ለሱ ልክ መሆኗን ለማወቅ ሜትር አላስፈለገም።

እናቴ ይህን ሁሉ ከደጃፋችን ላይ ቆማ አይታ ነበር። «ይኸው ባለቤቷ መጣ» አለች። «እሷ ሴት ልጅ ናት፣ ነገ ከነገ ወዲያ ጎረምሳ ሲያፏጭባት ራሷ ትተወዋለች። እስክታድግ ይቁም ብትለኝ፣ ስታድግ ደግሞ አትነዳም።» አባቴ ብስክሌቷን ከሳሚ ተቀብሎ ደጃፋችን ላይ አስደገፋት። በዚያ ሳምንት እናቴ የታመመች እናቷን ልታስታምም ወደ ድሬዳዋ መሄጃዋ ስለነበር፣ ፍርዱ በእሷ ተሰጠ፦ ስትመለስ መንዳት ከቻልኩ የኔ ትሆናለች፣ ካልቻልኩ የሳሚ። ሳሚ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብስክሌቷን በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውላት ጀመር፤ እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነበር።

እናቴ ሻንጣዋን ስታሰናዳ እንባዬን አየች መሰለኝ፣ መቀሷን አስቀምጣ ወደ ደጅ ወጣች። ብስክሌቷን እንደ ደንበኛ ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «ቀሚስ ሲረዝም ልጅቷ አትሳብም፣ ቀሚሱ ይታጠፋል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ከእግሬ ጫፍ እስከ ፔዳሉ ያለውን በሜትሯ ለካች። አባቴ ከወደብ የእንጨት ርብራብ አምጥቶ በስሱ በስሱ ቆረጠ፤ እሷ በለካችው መጠን አነባብሮ በሁለቱም ፔዳሎች ላይ አሰረ። ሮብሌም መሪው የተተከለበትን አንገት በአጭር ቀየረው፣ የፍሬኑን እጀታ ደግሞ ጣቶቼ እንዲደርሱበት ጎማ ቆርጦ ሥሩ ወተፈበት። ብስክሌቷ እንደኔ ቀሚስ ታጠፈች። እናቴ ግን ስትሄድ «ቃሌ ቃል ነው» ብላ ነበር የሄደችው።

ካምሲኑ ሲነፍስ ከተማው ገና ከጠዋቱ በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ስለነበር፣ እኔና አባቴ ነፋሱ ሳይነሳ ወደ አሮጌው የባቡር ጣቢያ እንሄድ ነበር። ጣቢያው ባቡር ካጣ ቆይቷል፤ ከፊቱ ያለው ሜዳ ለጥ ያለ፣ ሰው የማይበዛበት ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ደረጃው ነበር፤ ኮርቻው ላይ ሆኜ እግሬ መሬት ስለማይደርስ፣ ከደረጃው ላይ ቆሜ እወጣለሁ፣ ስጨርስም ተመልሼ ደረጃውን ተጠግቼ እወርዳለሁ። አባቴ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ በሸሚዙ ይሮጣል፣ ላቡ በጀርባው ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ወደቅሁ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ ተነሳሁ። «ወደ ሩቅ እዪ፣ ጎማውን አትዪ» ይለኝ ነበር፤ ራሱ ብስክሌት ነድቶ አያውቅም። አንድ ጠዋት ሩጫው ከኋላዬ መቅረቱን የተረዳሁት ድምፁ ከሩቅ ሲመጣ ነው። ብቻዬን ነበርኩ፤ ሜዳውን ዞርኩ፣ ደግሜ ዞርኩ፣ ከሳቄ ብዛት ጥርሴን ሁሉ ነፋስ ይመታው ነበር።

ሙቀቱ ሊሰበር ሲል፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፣ እናቴ በኤሌክትሪክ ባቡሩ ከከተማው ዳር ወዳለው አዲሱ ጣቢያ፣ ናጋድ፣ ልትገባ ሆነ። አባቴ «እዚያ ድረስ ትነጂያለሽ» አለኝ፤ እሱና ሳሚ በታክሲ ከኋላዬ ቀስ ብለው ሊከተሉኝ። መንገዱ ሰፊ ነበር፤ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ በነፋሳቸው ያንገዳግዱኝ ነበር፣ ሳሚ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አይዞሽ ራሂ፣ አይዞሽ» ይለኝ ነበር። ያን ቀን ብስክሌቷን ልታጣበት ያለው እሱ መሆኑን የረሳ ይመስል ነበር፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ናጋድ ስንደርስ ግን ማናችንም ያላሰብነው ነገር ገጠመን፦ መውረጃ የለም። የምጠጋበት ጠርዝ ሁሉ በታክሲና በሻንጣ ተሞልቷል። ስለዚህ ዞርኩ። በታክሲዎቹና በሰዉ መሃል ባለው ባዶ ቦታ እየዞርኩ ሳለሁ ተሳፋሪው መውጣት ጀመረ፣ እናቴም ከነፌስታሏ ብቅ አለች፤ አየችኝና ቀጥ ብላ ቆመች።

«ራሄል! ውረጂ እንጂ!»

«አልችልም!» አልኳት፣ በፊቷ እያለፍኩ።

ሁለተኛ በፊቷ ሳልፍ ፌስታሏን መሬት ላይ ጣለችና፣ ነጠላዋ እየወደቀ፣ በአንድ እጇ ኮርቻውን በአንድ እጇ ወገቤን ይዛ አቆመችኝ። ከእሷ ጋር በአንድ ወንበር የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ከላይ እስከ ታች አዩንና፣ «ሴት ልጅ ናት? ደግሞስ ይሄ የሷ ልክ ነው?» አሉ። እናቴ የምትለውን አውቀው ነበር፣ እሷም ከመሄዷ በፊት ያለችው ይህንኑ ነበርና። እናቴ ግን መሪውን ሳትለቅ ቀና አለች።

«የኔ ልጅ ናት» አለች። «እያደገች ትደርስበታለች።»

አባቴ ፈገግታውን ለመደበቅ ፌስታሉን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ሳሚም ከዚያ ቀን በኋላ ብስክሌቷን ወልውሎ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ካምሲን ሲመጣ እናቴ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ታቆመኝና ትለካኝ ነበር፤ የቀሚሱ ጠርዝ ሲለቀቅ ከፔዳሉም አንድ ስስ እንጨት ይነሳ ነበር። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ደግሞ የነፋሱን አቅጣጫ እያየሁ በባሕሩ ዳር እየነዳሁ፣ ደረቴን ነፍቼ በሰፈሩ መሃል አልፍ ነበር። እንጨቱ ሁሉ ተነስቶ ባለቀበት ዓመት ግን እንደኔ ብስክሌት ይነዱ የነበሩ የሰፈር ልጃገረዶች አንድ በአንድ እየተዉ፣ ጎረቤቱም «አሁንስ አልበቃትም?» ማለት ጀመረ። እናቴ ትንሽ ደንገጥ ብላ አባቴን ታየዋለች። እሱ ከጋዜጣው ቀና ሳይል፣ «ምኑን በቃት? ገና መች ልኳ ሆነና» ይል ነበር። እውነቱንም ነበር፤ ኮርቻው ገና ዝቅ ያለ ነበር፣ ያልደረስኩበት ብዙ ቁመት ነበረ። ገና ልኳ ያልሆነችን ብስክሌት እንዴት ተብሎ «ይብቃት» ይባላል?

ዛሬ አርብ አርብ ጠዋት መንዳት የሚጀምሩ ልጆችን አለማምዳለሁ። የዛሬ ወላጆች ጠንቃቆች ናቸው፤ ልጆቻቸውን አስለክተው ልካቸውን ይገዛሉ፣ እኔም እንደዚያ እንዲያደርጉ እመክራለሁ፣ በትልቅ ብስክሌት መማር አደገኛ መሆኑን ከጉልበቴ ጠባሳ በላይ የሚመሰክር የለም። ግን ለሴት ልጆቻቸው ሲገዙ ልብ ብዬ አያለሁ፦ ብስክሌቷ ስታንሳቸው ሌላ አይገዛም። ልጅቷም «ትቼዋለሁ» ትላለች፣ ማንም አይደነቅም።

ሰማያዊዋን አሁንም እነዳታለሁ። ኮርቻዋ የዛሬ ስንት ዓመት ማዳም ታደርገው የነበረው ከፍታ ላይ ነው፤ ስቆም እግሬ መሬት ይደርሳል። አባቴን አንድ ቀን ቀይዋን ለምን እንደተዋት ጠይቄው፣ «ቀይዋን ብገዛልሽ ዛሬ በምን ትነጂ ነበር?» አለኝ፣ ጥያቄው እንደገረመው ሁሉ። ያኔ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጠን የማያውቅ አባት እያለ ይስቅበት ነበር። እሱ ግን ብስክሌቷን የገዛት ዛሬ ለምትነዳት ሴት ነበር።