«ወንድምህ» የሚል ፊርማ

ኪሮስ ኦስትሃፈን በሚባል የወንዝ ወደብ ባለ መጋዘን ውስጥ ሽታፕለር የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ሰው የሚያውቀው ግን በካርዶቹ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥገኝነት ጠይቆ በሚጠባበቅበት ዘመን ነው። ጀርመን አገር አንድ ስፖርተኛ ስም ሲያወጣ ፎቶው ያለበት ካርድ ይታተምለታል። ደብዳቤ ጽፈህ፣ ቴምብር የተለጠፈበት የመልስ ፖስታ ጨምረህ ከላክህ፣ ካርዱ ላይ ፈርሞ ይመልስልሃል። ያኔ ከመሥሪያ ቤት ለኪሮስ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ «አይሆንም» የሚል ነበር። «እሺ» ብሎ ካርድ የላከለት አንድ የእግር ኳስ በረኛ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ መጻፉን አላቆመም። የመኖሪያ ወረቀት አገኘ፣ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ፈታ፤ ካርዱ አብሮት ኖረ።

ጊንሃይም በሚባል ሰፈር ባለ አዳራሽ ሰብሳቢዎች በየወሩ አንድ ቅዳሜ ይገናኛሉ። የተደገመባቸውን ይለዋወጣሉ፣ ያልተደገመውን ያሳያሉ። ኪሮስ እዚያ ብቸኛው ሐበሻ ነበር። የኢትዮጵያ ሯጭ ካርድ ያገኘ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። «ይኼኛው የራሱ ስም ነው የአባቱ?» ይሉታል፤ እሱም ሳይቸኩል ይመልሳል። የአዳራሹ አለቃ ሄር ሹስተር የሚባሉ ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ ናቸው። በየዓመቱ በከተማው ማራቶን ሰሞን ከመስተዋት ሣጥኖቹ በአንደኛው ላይ «ኢትዮጵያ» ብለው ይጽፉና የኪሮስን ካርድ ያኖሩበታል። ከሥሩ የባለቤቱ ስም ይታተማል። ኪሮስ ለዚያች ወረቀት ሲል ሸሚዙን ተኩሶ ይሄድ ነበር።

ሙሌን ወደ አዳራሹ ያመጣው ራሱ ነው። ሙሌ ጀርመንን ከረገጠ ብዙ ያልቆየ፣ ኤርፖርት አውሮፕላን የሚያጸዳ ወጣት ነው። ቤተ ክርስቲያን ተዋወቁና «ቤት ተዘግተህ ከምትውል ና» ብሎ ወሰደው። መጀመሪያ ላይ ኪሮስ ደስ አለው። ልጁ ሁሉን ይጠይቃል፤ «ጋሽ ኪሮስ ያላዩትን አልለዋወጥም» ይላል።

ኋላ ግን ጀርመኖቹ ሙሌን ወደዱት። ጀርመንኛው ሰባራ ነው፤ በሰባራው ያስቃቸዋል። ኪሮስ ሰዋስው የጠበቀ ጀርመንኛ ሲናገር ማንም ስቆ አያውቅም። አንዲት አሮጊት ለሙሌ ኬክ ጋግረው መጡ። ለኪሮስ በዚያ ሁሉ ዓመት ኬክ የጋገረለት የለም። ሲያቀርቡለት «ስኳር አለብኝ» ብሎ መለሰ። ስኳር የለበትም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011፣ ማራቶኑ ሊደርስ ሰሞን፣ ሐዲስ የሚባል ሯጭ የከተማው ወሬ ሆነ። ኪሮስ ለሐዲስ ማናጀር ደጋግሞ ጽፏል። የመጣለት ካርድ ሁሉ የማሽን ፊርማ ያለበት ነው፤ በጣት ቢዳብሱት እንደ መስተዋት ይንሸራተታል። ቢሆንም ከዚያ የተሻለ የነበረው ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ከካርዶቹ ያማረውን መርጦ ለሣጥኑ ይዞ መጣ።

ሙሌ ከነሥራ ልብሱ እየሮጠ ገባ።

«ጋሽ ኪሮስ፣ ዛሬ ጉድ ይዣለሁ!»

«ምን አገኘህ ደግሞ?»

«ሐዲስን! ራሱን! ኤርፖርት ሻንጣው ጠፍቶበት ግራ ገብቶት ቆሟል። የጠፋ ዕቃ የሚጠየቅበት ድረስ ወሰድኩት። ካርድ ከኪሱ አውጥቶ ፈረመልኝ። ‹ማራቶኑን እንደምታሸንፍ አልጠራጠርም› ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹መጀመሪያ ጫማዬ ይገኝ!›»

ኪሮስ ካርዱን ተቀብሎ አየ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ «ለሙሌ። ይቅናህ። ወንድምህ።» ይላል። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ጎላ ብሎ ይዳሰሳል። ዓይኑ «ይቅናህ» የሚለው ላይ ቀረ። ምርቃቱና ቅናቱ ከአንድ ቃል እንደሚወጡ ያን ቀን ልብ አለ።

ሰዎቹ ከበቧቸው። ሄር ሹስተር አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ።

«ትክክለኛ ከሆነ ዘንድሮ ሣጥኑ የሙሌ ነው» አሉ። «ግን ይኼ እኔ የማውቀው ፊርማ አይደለም። ኪሮስ፣ ስሙ የቱ ላይ ነው?»

«ስም የለውም።»

«መጨረሻ ላይ ያለውስ?»

«‹ወንድምህ› ይላል።»

«ሯጩ የሙሌ ወንድም ነው?»

«አይደለም።»

አንድም ቃል አልዋሸም። ሐበሻ ዛሬ ላወቀው ሰው እንኳ «ወንድምህ» ብሎ እንደሚፈርም ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ኪሮስ ያችን ዓረፍተ ነገር ዋጣት።

«እንግዲያው የገዛ ወንድሙ ነው የጻፈለት» አሉ ሹስተር። ካርዱን ለሙሌ በሐዘኔታ መለሱለት። «የኪሮስ የማሽንም ቢሆን ስም አለው።» ወደ ሣጥኑ ሄዱ።

ንግግሩ ፈጥኖበት ሙሌ አልተከታተለውም።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ስም የለውም አሉ።»

«‹ወንድምህ› ይላል እኮ! አልነገሯቸውም?»

«ነገርኳቸው። ‹ወንድሙ ነው ወይ?› አሉኝ።»

ሙሌ ሳቀ። «እና ምን አሏቸው?»

«አይደለም አልኳቸው።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «እንዴ ጋሽ ኪሮስ! እርስዎንስ ‹አባቴ ናቸው› እያልኩ አይደል ለሰው የማስተዋውቀው? ታዲያ ልወርስዎ ነው?»

ኪሮስ ዞሮ ወደ ሽማግሌው ሄደ። ሹስተር ቁልፉን ሊያዞሩ ነበር።

«ሄር ሹስተር፣ እኛ አገር ሰው ማንንም ‹ወንድሜ› ይላል። ካርዱ ትክክለኛ ነው።»

«ማንንም?»

«ማንንም።»

«እኔንም?»

«አዎ።»

«ይኸው ስንት ዓመታችን! አንድ ቀን እንኳ ‹ወንድሜ› ብለህ ጠርተኸኝ አታውቅም!» ሹስተር ከት ብለው ሳቁና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ደግ ሰው ነህ። ለአገርህ ልጅ ብለህ ቦታህን ልትለቅለት። ግን ደንብ ደንብ ነው።»

አንድ ቃል ቢጨምር ሊያምኑት ይችሉ ነበር። ጫማው፣ ሻንጣው፣ ኤርፖርቱ፤ የሚነገረው ሁሉ አፉ ላይ ነበር። ከመስተዋቱ ሥር የራሱን ስም አየ። አልጨመረም። ቁልፉ ዞረ።

ሙሌ በሩ ላይ ቆሞ ያየው፣ ሽማግሌው ኪሮስን ትከሻውን እየመቱ ሲስቁና ኪሮስም አብሮ ጥርሱን ሲያሳይ ነው። ካርዱን ደረት ኪሱ ከቶ ወጣ።

በሚቀጥለው ወር አልመጣም። አሮጊቷ ኬክ ይዘው መጥተው ነበር፤ «ልጁስ?» ሲሉ «ፈረቃው አልመች ብሎት ይሆናል» አላቸው ኪሮስ። ሰዎች እንደ ድሮው ካርዳቸውን ይዘው መጡ፤ ስም ጠየቁት፤ መለሰላቸው። አፉ ሲመልስ ልቡ ኤርፖርት ነበር። ሙሌ ደረት ኪሱ ውስጥ ካርዱን እንደያዘ ወንበር ለወንበር ጎንበስ ቀና ሲል ታየው፤ ላቡ ሰማያዊውን ቀለም እንዳያጠፋው ሰጋ። የሰጋው ለልጁ ሳይሆን ለካርዱ ነበር።