የአክስት ሩዋን ጣቶች

አክስት ሩዋን ከቦዩ ድልድይ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ በመርፌ ስታክም ኖራለች። በከተማችን በሻውሺንግ ከእሷ የተሻሉ ብዙ ሐኪሞች ይኖሩ ይሆናል፤ እኔ አላውቅም። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ወገቡ ሲያዝ፣ ፊቱን ብርድ መትቶት አፉ ሲጣመም የሚሮጠው ወደ እሷ ነበር።

መርፌዋ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ሰክታው በሁለት ጣቶቿ ቀስ እያለች ታሽከረክረዋለች፤ ከዚያ ትጠብቃለች። ቺ የምንለው የሰውነት ኃይል ሲደርስ፣ ዓሣ መንጠቆ እንደዋጠ ሁሉ መርፌው ያዝ ያደርጋል። የተኛውም ሰው የመክበድ፣ የመደንዘዝ ነገር ይሰማውና «መጣ» ይላል። ካልመጣ መርፌው ትራስ ላይ ከተሰካ አይለይም።

አምና በብርዱ ወራት የአክስት ሩዋን ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር። ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ሻይ ስትቀዳ የፈላ ውሃ ጣቷ ላይ ፈስሶ ሳይሰማት መቅዳቷን ስትቀጥል አየናት። መርፌውን ይዛ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ፊቷ ሲጨነቅ ማየት አላስቻለንም። ባሏ ሞቷል፤ ያለዚያች ክፍል ምን አላት? ሳንመካከር ሁላችንም «መጣ፣ መጣ» ማለት ጀመርን። ወገባችንን ይዘን ገብተን ወገባችንን ይዘን እየወጣን «እጅሽ ይባረክ» እንላታለን።

ነገሩን ያበላሸው ኑድል ሻጩ ፌንግ ነው። ትከሻው ተይዞ ሊጥ ማሸት አቅቶት ነበር። አንድ ጠዋት በደረቱ ተኝቶ ሳለ፣ አክስት ሩዋን መርፌ ልታነሳ ዞር ከማለቷ፣

«መጣ! ኧረ እንዴት ያለ አመጣጥ ነው!» አለ።

አክስት ሩዋን መርፌውን እንደያዘች ተመልሳ ዞረች።

«ምኑ ነው የመጣው?»

«ቺው ነዋ፣ አክስቴ።»

«መርፌው እኮ እጄ ላይ ነው፣ አንተ ቀጣፊ!»

ፌንግ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ። እሷ ተራ ወደምንጠብቀው ዞረች።

«እናንተም እንደ ሕፃን ስታባብሉኝ ነው የከረማችሁት?» ከዚያ እኔን አየችኝ። «ያንተስ ወገብ?»

«ትንሽ...» አልኩ።

«ትንሽ ምን?»

«ትንሽ ብሶበታል።»

አክስት ሩዋን ጣቶቿን አየች። ከዚያ ምራቷን ፔይዪንን ከጓዳ ጠራቻት። ፔይዪን ሙያውን ከእሷ ተምራለች፤ ሆኖም አማቷ «እጅሽ ይከብዳል» እያለች፣ በክር ከተጠቀለለ ጥጥና ከገዛ እግሯ በቀር እንድትወጋ ፈቅዳላት አታውቅም።

«ነይ፣ ያዢ።»

«እማማ፣ እርስዎ እያሉ እንዴት...»

«ያዢ አልኩሽ!»

ፌንግ ቀና አለ። «ኧረ አክስቴ፣ እኔ የመጣሁት ወዳንቺ...»

«ተኛ! ዛሬ ብትዋሽ በዱላ ነው የማክምህ።»

ፔይዪን ሰክታ ማሽከርከር ጀመረች።

«ምንም የለም» አለ ፌንግ።

ፔይዪን አማቷን አየች።

«እኔን ምን ታዪኛለሽ? መርፌውን አዳምጪ። ትንሽ ዝቅ አድርጊው።»

ዝቅ አደረገችው።

«ወይኔ እናቴ!» ጮኸ ፌንግ። «እስከ ትንሿ ጣቴ ወረደ! ይቺ ልጅ ልትገድለኝ ነው!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ ክፍል ከተሰማ ቆይቷል። አክስት ሩዋን መጥታ እኛ ወደተቀመጥንበት አግዳሚ ቀረበች።

«ጠጋ በል» አለችኝ።

ተጠጋሁላት። አጠገቤ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና፣ ከፌንግ ቀጥሎ ባለተራው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያው እኔ ካንተ ቀጥሎ ነኝ» አለች።