ስም ያልተጠራበት ጥሩንባ

ሳክስፎን ይዤ ወሎ፣ መካነ ሰላም ከተማ የገባሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ባልገባ ይሻል ነበር።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጃዝ እማር ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ጃዝ አይልም። በደርግ ጊዜ የኢምፔሪያሊስት ጩኸት እማራለሁ ብሎ የሚፈርም ሞኝ የለምና "የትንፋሽ መሣሪያ ልምምድ" ተብሎ ነበር የተመዘገበው። መምህራችን ከሶሻሊስት አገር የመጣ ራሰ በራ ሰው ነው፤ መስኮቱን ዘግቶ ያስተምረናል። ለመጨረሻው ፈተና እያንዳንዳችን ያልተጻፈ ዜማ እዚያው ቆመን ከራሳችን አፍልቀን እንድንጫወት አዘዘን። እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ያንተ ድምፅ የውሰት ነው" አለኝ። "ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ትንፋሽህ እስኪያልቅ አንድ ድምፅ ብቻ ንፋ። የራስህን ያኔ ታገኘዋለህ።"

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ናቸው። አንዲት ድምፅ የሳተ ተማሪ ከአርጩሜያቸው አያመልጥም። ከራስ ማፍለቅ ስለሚባለው ነገር ስነግራቸው፣ "ታዲያ ስሕተቱ በምን ይታወቃል?" አሉኝ። ቤት ውስጥ እንዳልነፋ ስለከለከሉኝ ከከተማው በላይ ወዳለው የጽድ ጫካ ወጣሁ።

ሐምሌ ነበር። ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ የዘረጋሁት እጄ አይታየኝም። ዝቅ ያለውን ድምፅ ይዤ ነፋሁ። ጉም ውስጥ ድምፅ አቅጣጫ የለውም፤ የራሴው ድምፅ ከኋላዬ የመጣ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ። ሦስተኛውን ነፍቼ ሳቆም ግን ድምፁ አልቆመም። ከታች በኩል ቀጥሏል፤ ቀጭን ነው፣ የሰው ነው።

ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ዱላቸውን ተመርኩዘዋል። እኔ ጅሉ ሊያዳምጡኝ የመጡ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በእኛ አገር የቀብርና የልቅሶ ማኅበራችን ቅሬ ይባላል። ሰው ሲሞት የቅሬው ጥሩንባ ነፊ ከፍታ ላይ ወጥቶ ረዥም ይነፋና የሟቹን ስም ይጠራል። እኔ ነፋሁ እንጂ ስም አልጠራሁም። እዚያው ተወልጄ አድጌ ይህን መርሳቴ!

"ማን ነው?" አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

"ማንም አይደለም አባባ፤ ልምምድ ነው።"

ያመነኝ የለም። በዚያ ዘመን የአገሩ ወጣት በአፈሳ ወደ ሰሜን ጦርነት ይሄዳል፤ መርዶ ግን አይመጣም። "ግንባሩን ያዳክማል" ተብሎ ያለ መንግሥት የመርዶ ወረቀት ለወታደር ማልቀስ ተከልክሏል። ስለዚህ እናቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የማንኛችን ነው?

በመጨረሻ ጎረቤታችን እትዬ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አባቴ ዘንድ አብሮኝ ዜማ የተማረ ጓደኛዬን፣ አንድያ ልጃቸውን ከገበያ አፍሰው ከወሰዱባቸው ሁለት ዓመት ሆኗል።

"የኔ ነው" አሉ።

"የለም እትዬ፣ እኔ ተሳስቼ ነው! የሞተ ሰው የለም!"

"ተወኝ ልጄ፣ አንዴ ነፍተኸዋል። የተነሣ ቅሬ ባዶውን አይመለስም፤ ሌላ ሰው ይዞ ይሄዳል።"

ሴቶቹ "አብሽሪ፣ አብሽሪ" እያሉ ከበቧቸው፤ ወዲያው ሁሉም አለቀሱ። እያንዳንዷ የራሷን እንደምታለቅስ ያስታውቅ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ለቀስተኛውን ሊበትን መጥቶ እሱም ባርኔጣውን አወለቀ። የእሱም ወንድም ግንባር ነበር።

እትዬ ጠጉራቸውን ተላጩ፤ ከል ለበሱ፤ ተዝካር አወጡ። እኔ ጓደኛዬን በእጄ የገደልሁት ያህል ተሰማኝ። ፈተናው ላይ ረዥም ድምፅ ለማውጣት ትንፋሼ እምቢ ስላለኝ አጫጭሩን ብቻ አርከፈከፍሁት። መምህሩ "አሁን የራስህ ሆነ" ብሎ ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት ሰጠኝ። በዚያ ውጤት አፍራለሁ።

በዓመቱ ሳክስፎኔን ትቼ ባዶ እጄን አገሬ ገባሁና እትዬን ልጠይቅ ሄድሁ። ጓሮ አንድ ፂማም ሰው እንጨት ይፈልጣል። ቀና ሲል ጓደኛዬ ነው። ክው አልሁ። እሱ አላወቀኝም አልልም፤ አይቶኝ ወደ እንጨቱ ተመለሰ እንጂ።

"እንግዳዬ ነው" አሉ እትዬ፣ ከላቸውን እንደለበሱ። "የእግዜር እንግዳ ነው። ነገ የልጄ ሙት ዓመት ነው፤ እንጨት እየፈለጠ ያግዘኛል።"

አእምሯቸው የተናወጠ መሰለኝ። "እትዬ፣ ልጅዎ እኮ ነው!"

አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። "ልጄማ ሞቷል። አገር አልቅሶለታል። ሙትን ማን መጥቶ ይወስዳል?"

ያኔ ገባኝ። ጓደኛዬ ከጦሩ ጠፍቶ ነው የመጣው፤ ከተያዘ መመለሻ የለውም። አገሩ ሁሉ፣ ሊቀመንበሩ ጭምር፣ በደጃቸው ሲያልፍ "እንግዳዎ እንዴት አደሩ?" ይላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። በማግስቱ ለራሱ ሙት ዓመት የተጋገረውን እንጀራ ከሁላችን ጋር ቁጭ ብሎ በላ፤ "ነፍስ ይማር" ሲባልም እሱ ራሱ "አሜን" አለ።

እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ኖረ። ደርግ የወደቀ ሰሞን እኔም እዚያ ነበርሁ። ጓደኛዬ እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

"እማዬ፣ አለቀ እኮ። አሁን ልጄ በይኝ።"

እትዬ ከላቸውን አውልቀው አጣጠፉት። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ከንፈራቸውን ብዙ አንቀሳቀሱ።

"ቃሉ አልመጣ አለኝ" አሉ እያለቀሱ። "አልመጣ አለኝ፣ እንግዳዬ።"