እህቴ አማቷ ፊት ከሐኪሙ የደበቀችው

ዛሬ ጠዋት ድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ እህቴን «በቅርቡ ኦፕራሲዮን ተደርገሻል?» ሲላት «ኧረ በጭራሽ!» አለችው።

አልጋዋን አማቷና ጎረቤቶቿ ከበውታል። አዲስ አበባ ለስልጠና ሄዳ የተመለሰች ነው የሚመስላቸው። የሆዷን ስብ በላይፖሰክሽን አስመጥጣ፣ በአራተኛው ቀን እስከ ድሬ ያን ሁሉ መንገድ አውቶብስ ላይ ተቀምጣ እንደመጣች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እግሯ አብጧል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። «የድሬ ሙቀት ነው» ብለን ሁለት ቀን በማራገቢያ ያከምናት እኛው ነን።

ሐኪሙን ተከትዬ ወጥቼ ነገርኩት። እየሮጠ ተመለሰ። ሲመረምሯት፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያን ያህል በመቀመጧ እግሯ ላይ የረጋ ደም ሳንባዋ ደርሷል።

አሁን ኦክስጅን ላይ ናት። አማቷም ሰሙ። እጇን ይዘው «እኔን አፍረሽ ነው ልትሞቺብኝ የነበረው?» አሏት።

እናንተስ ጠያቂ ፊት ከሐኪም የደበቃችሁት ነገር አለ? ጻፉልኝ፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ላንብብላት።