ከባሮ ገደል ስንወጣ

አባቴ ታሞ ከተኛ ሰንበትበት ብሏል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን፣ "ሂድ፣ ሥራህን ሥራ። ማታ ታገኘኛለህ" ብሎ ሰደደኝ። የጤና ቢሮውን ላንድክሩዘር ይዤ፣ ክትባት ልትሰጥ የገባችውን ነርስ ላወጣ ወደ ባሮ ገደል ወረድኩ። ሐሳቤ ሁሉ ሳይመሽ አባቴ ጋ መድረስ ነበር።

መንገድ ይሉታል እንጂ ዝናብ ያጠበው ቋጥኝ ነው፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል የባሮ ወንዝ። ፎር ዊሉን አስገብቼ በአንደኛ ማርሽ እየዳህኩ ወረድኩ።

ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ አፏ አያርፍም። "ጋሼ፣ ይሄ መኪና ነው ጋሪ? ንዳው እንጂ!" ትለኛለች ሁልጊዜ። "ከነምላስሽ ገደል ልክተትሽ?" እላታለሁ። እንዲሁ እየተላከፍን ሽቅብ ጀመርን።

ዳገቱ መሀል ኔትወርክ የሚይዝ ጠርዝ አለ። እዚያ ቆሜ እንደ ልማዴ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገባሁ። ሾፌሮች ታኮ እንለዋለን፤ ያለ እሱ ዳገት ላይ አይቆምም። የእኔ ስልክ ባትሪው አልቋል። የእሷ ጠራ። ራቅ ብላ አነሳችው፤ "እሺ... እሺ" ብቻ ነው የምትለው። ተመልሳ ውኃ ሰጠችኝ።

"ቀስ ብለህ ንዳ ጋሼ። ምን ያስቸኩለናል?" አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። እኛ ዘንድ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ መሪ ለያዘ ሰውማ ጨርሶ። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ከቦት ነው የሚረዳው። ብጠይቃት ትዋሸኛለች፣ መዋሸት ደግሞ አትችልበትም። ታኮውን አነሳሁ።

እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ድንዝዝ አልኩ። እጄ መሪውን ያዞራል፣ እግሬ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ እኔ የለሁበትም። የከበደኝ የእሷ ዝምታ ነው።

"ምነው፣ ምላስሽን ዋጥሽው እንዴ?" አልኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አመሻሽ ላይ ሰፈራችን ገባን። አባቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ የሠራት ቤት ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ተነሡ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ወረድኩ፣ ድንጋይ ፈልጌ ከኋላ ጎማ ሥር አስገባሁ። ቦታው ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ መኪናው የትም አይሄድም። እንዳጎነበስኩ ቀረሁ።

ነርሷ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። "ጋሼ፣ ደርሰናል እኮ። ተነስ።"

"ማታ ታገኘኛለህ ብሎኝ ነበር" አልኳት።