የጂቱ ኮሮላ ለምን ፈላች

መኪናዋ የፈላችው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። ሰልፉ የማይነቃነቅበት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳበት፣ ልጆቹም ተጭነው ያለቁበት ሰዓት ነበር። ጂቱ ከፊቷ ነጭ ነገር ብድግ ሲል ስታይ አቧራ መሰላት፤ አዳማ ላይ ከመሬት የሚነሣ ነገር ሁሉ አቧራ ነውና። ቀጥሎ ግን የጋለ ብረት ሽታ መጣ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ መስታወቱን ሸፈነው። ከመንገዱ ማዶ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት «እሳት! ኧረ ልጆቹን! ልጆቹን አውርጂ!» ብላ ጮኸች።

ጂቱ ሞተሩን እንዴት እንዳጠፋች፣ በሩን እንዴት እንደከፈተች ዛሬም ድረስ አታስታውስም። የምታስታውሰው ልጆቹን አንድ በአንድ እያወረደች «ወደ አጥሩ! ወደ አጥሩ ሩጡ!» ማለቷን ነው። ትንሿ አማል ደርቃ መቀመጫው ላይ ስትቀር አንጠልጥላ አወጣቻት።

ጉዱ ግን ገና አላለቀም። አንድ ባለባጃጅ ሊረዳ ዘሎ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ያዘ።

«አትክፈተው! ሲፈላ አይከፈትም!»

«ቆይ እህቴ፣ ውሃ ጠምቷት ነው፤ ላጠጣት።»

ክዳኑ ገና ላላ ሲል የፈላው ውሃ ከሰው ቁመት በላይ ተስፈነጠረ። ባለባጃጁ ክንዱን ይዞ «ዋይ እናቴ!» እያለ ተሽከረከረ። ልጆቹ በአንድ አፍ አለቀሱ። የአማል እናት ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ፋርማሲ አላት፤ ይህን ሁሉ ከበሯ ላይ ሆና አይታዋለች። ሮጣ መጥታ የሰውየውን ክንድ በቀዝቃዛ ውሃ ብዙ አራሰችው። ከዚያ አማልን በእጇ ይዛ፣ ሳትቆጣ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ጂቱ፣ እንዳትቀየሚኝ። ከነገ ጀምሮ አማልን በእግሬም ቢሆን አደርሳታለሁ» አለች።

ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው ጂቱን ክው ያደረጋት።

ጂቱ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት። እናቷ እህል ተራ ስንዴ ሲነግዱ እሷ ከጆንያ ጆንያ እየዘለለች አደገች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ብዙነህን አግብታ አዳማ ስትገባ ሥራ አጥታ ቤት ተቀመጠች። የልጅ ሰርቪሱን የጀመረችው በራሷ ልጅ ነው፤ ባጃጅ ላይ ተጨናንቆ ሲሄድ ባየችው ቁጥር ሆዷ እየባባ፣ የብዙነህ አባት ትተውላቸው ያለፉትን አሮጌ ኮሮላ አስነሥታ ራሷ ታደርሰው ጀመር። ቀጥሎ የጎረቤት ልጅ ተጨመረ፤ ቀጥሎ የጎረቤት ጎረቤት። «እናት ናት፣ አትከንፍም» ብለው ነው ወላጆች ልጆቻቸውን አምነው የሰጧት። እንግዲህ ያቺ ኮሮላ ለጂቱ ቆርቆሮ ብቻ አልነበረችም፤ ስሟ ነበረች።

መኪናዋ የሙቀት አመል ያመጣችው በር ላይ ከመፍላቷ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በመጀመሪያ የራዲያተሩ ማራገቢያ፣ ሰዉ ፋን የሚለው፣ ተቃጠለ። ብዙነህ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ስለሆነ የሰፈር ሰው የተበላሸ ነገር ይዞለት የማይመጣበት ቀን የለም። መካኒክ ምን ይሠራል ብሎ፣ ያገለገለ ፋን ገዝቶ፣ ሶኬቱ አልገጥም ቢለው ቆርጦ ሽቦ ለሽቦ አሰረው። ሁለቱም ሽቦዎች ጥቁር ነበሩ። እንደ አዳማ ወግም «ዳይሬክት» አደረገው፤ ሞተሩ ሞቀም አልሞቀም ቁልፉ ከዞረ ጀምሮ ፋኑ ሳያቋርጥ እንዲዞር ማለት ነው። በዚህ ሙቀት አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ጂቱ የስልኳን መብራት ይዛለት ነበር። ፋኑ ቩርርር ብሎ ሲነሣ ሁለቱም አጨበጨቡ።

መኪናዋ ግን መሞቋን አልተወችም።

የሰፈሩ መካኒክ ጋሽ ጀቤሳ ያልሞከሩት የለም። ራዲያተሩን አውርደው አሳጠቡት። ውሃውን የሚገፋውን ፓምፕ ለወጡ። ክዳኑን ቀየሩ፣ ቴርሞስታቱን አወጡ። ፋኑን ግን አልነኩትም። ብዙነህ ገና በመጀመሪያው ቀን «ፋኑን ይተዉት ጋሼ፣ እሱ የእኔ ሥራ ነው» ብሏቸዋል፤ በሰው ሥራ ደግሞ እጅ አይገባም። ሲዞርም ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። «ፋኗማ ንብ ናት!» ይሉ ነበር እሳቸውም።

የሚገርመው ነገር፣ ጂቱ እናቷን ልትጠይቅ ወደ አርሲ ነገሌ ስትነዳ መቂን ባቱን አልፋ ነገሌ እስክትገባ የሙቀቱ መርፌ ከግማሽ ንቅንቅ አይልም። አዳማ ተመልሳ ከባጃጅ ኋላ መንፏቀቅ ስትጀምር ግን መርፌው ሽቅብ ነው።

«እንዳንቺው የነገሌ ልጅ ሆና ነዋ፤ ከተማ አልተስማማትም» ይላሉ ጋሽ ጀቤሳ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ተስማምቶኛል። እሷን ይምከሯት።»

በር ላይ ከፈላች በኋላ ቀልዱ ቀረ። ጋሽ ጀቤሳ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «የቀረን ቴስታው ነው፣ የሞተሩ ራስ» አሉ። «ሞተር መፍታት ነው እንግዲህ። ለዚህች አሮጊት አይመከርም።»

ማታውን ብዙነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይብቃን ጂቱዬ። ያ ውሃ ልጅ ላይ ቢደፋስ ኖሮ? ማስረሻ ለመለዋወጫ ይወስዳታል። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፤ ቃሌን ሰጥቼዋለሁ።»

ማስረሻ አሮጌ መኪና እየገዛ፣ እየበለተ የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

«እንደ በግ?» አለች ጂቱ።

«እንደ በግ» አለ ብዙነህ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ዓርብ ከሰዓት ጂቱ ልጅ ሳትጭን ወደ ትምህርት ቤቱ ነዳች። የቀሩትን ወላጆች ፊት ለፊት ልትሰናበታቸው ነበር፤ በስልክ መንገር ነውር መሰላት። ሰልፉ ውስጥ ስትገባ መርፌው መውጣት ጀመረ። ዳር ይዛ ሞተሩን አጠፋችና ፋኑ እንዲዞር ቁልፉን መልሳ ከፈተችው። ኮፈኑን አንሥታ ፊት ለፊት ቆመች።

የአዳማ የከሰዓት ነፋስ አንድ ጥቁር ፌስታል እያንከባለለ አመጣ። አዳማ ላይ ፌስታል የመኪና ግንባር ካገኘ ልጥፍ ይላል እንጂ አይለቅም፤ ጂቱ ከሰው መኪና ላይ ስንቱን ልጣ ጥላለች። ይሄኛው ግን ኮሮላዋን ሊነካ ሲል ወደ ኋላ ተገፋ። ነፋሱ መልሶ አመጣው። እንደገና ተገፋ። አየር ላይ እንደ ሰካራም ሲወዛወዝ ቆይቶ ወደ ጎን በረረ።

ጂቱ ፌስታሉን በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ጎንበስ አለች። ትኩስ ነፋስ ፊቷን ገረፈው፤ ከመኪናዋ ውስጥ ወደ ውጭ። ሻሿን ፈትታ ወደ ራዲያተሩ አስጠጋችው። ሻሹ ተነፍቶ ወደ እሷ መጣ።

አጠገቧ የቆመ ኮሮላ ነበር፤ ሹፌሩ ጫማውን አውልቆ እግሩን በመስኮት ሰቅሏል።

«ወንድሜ፣ ፋንህ እየዞረ ነው?»

«ይዞራል። ምነው?»

ሻሿን ወደ መኪናው ግንባር አስጠጋች። ሻሹ ከእጇ ተመንትፎ ጥብቅ አለ።

«እንዴ! መኪናዬን ልትሞሽሪያት ነው?»

«ያንተ ይስባል!»

«መሳብ ነዋ ሥራው! ምን ሊያደርግ ነበር ታዲያ፣ እፍ ሊል?»

«ያ ዋቃዮ! አምላኬ!» አለች ጂቱ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ፋኑ ይዞራል፤ ሁሉም ሰምቶታል። ወዴት እንደሚነፍስ ግን ማንም አላየም። ከውጭ ነፋስ ስቦ ራዲያተሩን ማቀዝቀዝ ሲገባው የሞተሩን ሙቀት መልሶ ራዲያተሩ ላይ ሲተፋ ከርሟል። በነገሌ መንገድ የሩጫው ነፋስ እየረታው መኪናዋ ትተርፋለች፤ ከተማ ውስጥ ስትቆም ግን የሚረታው የለም። እና ሽቦዎቹን ያሰረው ማን ነው? እሷስ መብራት ይዛ ምን ስታይ ነበር?

ስልኳን አወጣች። «ብዙነህ፣ ከሥራ እንደወጣህ ጋሽ ጀቤሳ ጋ ና።»

«ምን ሆንሽ? ድምፅሽ...»

«ብቻ ና።»

መኪናዋ ቀዝቅዛላት፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ጋራዡ ስትደርስ ጋሽ ጀቤሳ ሊዘጉ ነበር። ብዙነህ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ደረሰ። ነገረችው። ሳቀ።

«ፋን ተገልብጦ? እኔ ያሰርኩት? ጂቱዬ፣ እኔ እኮ ሥራዬ ይሄ ነው! ፋብሪካው ውስጥ ፋን በግልባጭ ዞረ ሲሉ ሽቦ እያለዋወጥኩ የማቃናው እኔ ነኝ።»

ጋሽ ጀቤሳ ከካላንደር ላይ ያለፈውን ወር ቀደዱ። ቁልፉን አስከፍተው ወረቀቱን ራዲያተሩ ፊት ያዙና ለቀቁት። ወረቀቱ ተወርውሮ የብዙነህ ደረት ላይ አረፈ።

ብዙነህ ወረቀቱን አየ። ፋኑን አየ። ፊቱ አመድ ሆነ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር» አሉ ጋሽ ጀቤሳ። «ወረቀቱስ ለቀቀ። አንተስ?»

«ጋሼ... እኔ እኮ... እንደዞረ አጨበጨብኩ።»

«እኔስ? ስንት ዘመን በዚህ ሥራ ኖሬ፣ ዓይን እያለኝ በጆሮዬ አየሁ። ለአንተ ክብር ብዬ እጄን አላስገባሁም። ክብራችን ነው ልጆቹን ሊያቃጥል የነበረው!» ይህን ሲሉ ራሳቸውም ደነገጡ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ብዙነህ ቁልፉን አጥፍቶ ሽቦዎቹን ፈታ። ቦታ አለዋወጣቸው። እንደገና ሲከፍተው ድምፁ ያው ቩርርር ነው፤ ልዩነቱ ለጆሮ አይታወቅም። ወረቀቱ ግን ራዲያተሩ ላይ ልጥፍ አለ። ጂቱ ልትስቅ ብላ አለቀሰች።

ጋሽ ጀቤሳ ግን ቶሎ አትደሰቱ አሉ። ያን ያህል የፈላ ሞተር ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። «ጠዋት ቅዝቃዜዋ ላይ ክዳኑን ክፈቱና አስነሷት። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተንፈቀፈቀ ለማስረሻ ስጧት።»

ቅዳሜ ጠዋት ማስረሻ መጎተቻ ገመዱን ይዞ ሲመጣ ባልና ሚስቱ ራዲያተሩ ላይ እንደተደፉ አገኛቸው።

«ምን ታያላችሁ? ዓሣ አለ እንዴ?»

«ዝም በል ማስረሻ» አለች ጂቱ። ሞተሩ ሞቅ እስኪል ጠበቁ። ውሃው ረግቶ ቀስ ብሎ ይዞራል። አረፋ የለም።

ብዙነህ ቀና አለ። «ማስረሻ፣ ቃሌን እንደማላጥፍ ታውቃለህ። ዛሬ ግን አጥፌያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መኪናዋ ጤነኛ ናት።»

«እኔ ሬሳ ላነሣ መጥቼ ሰርግ ላይ ደረስኩ በለኛ!» አለ ማስረሻ፣ ገመዱን ትከሻው ላይ እየጣለ። ትንሽ ተነጫነጨ፤ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ሰኞ ጂቱ የአማልን እናት ፋርማሲዋ ድረስ ሄዳ የሆነውን አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ሽቦዎቹን ባሏ እንዳሰረ፣ እሷም መብራት እንደያዘች። የአማል እናት አፏን በእጇ ከድና ሰማቻት።

«ባልሽ ራሱ? እኔ ደግሞ ስንቱን ስጠረጥር!» አለች። ቀጥላ ነጭ ጋዋኗን አወለቀች። «በይ ንጂ። አማልን ከመስጠቴ በፊት እኔ ልጫንባት።»

በትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ሰልፉ ውስጥ ገቡ። ፀሐዩ ይፋጃል። ባጃጁ ይጮኻል፣ የሚነቃነቅ የለም። የአማል እናት ከመርፌው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ጂቱ መሪውን ጨብጣለች። መርፌው ግማሽ ላይ ደረሰና ቆመ። ሰልፉ ትንሽ ተንፏቀቀ፣ እንደገና ቆመ። መርፌው እዚያው ነው።

የአማል እናት ላቧን ጠረገች። ልጆቹ ከበሩ መውጣት ሲጀምሩ ወረደችና የፊተኛውን ወንበር ለልጇ ለቀቀችላት።