«ማሪቱ» ያለችኝ ሙሽራ

ትናንት የወንድሜ ልጅ ሰፈፉ ያልወጣለት ማር ይዛልን መጣች። ክዳኑን ስትከፍተው የጫካ አበባና የጭስ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጅቷ ጣቷን እየላሰች አያቷን፣ ማለት እናቴን፣ «አክስቴን ማሪቱ ያላት ማን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ዓይኗን በጨው ታጥባ «እኔ ነኛ!» አለች። ነደደኝ።

ስም መልአክ ያወጣል ይባላል። የእኔን ያወጣችው ግን ከሩቅ አገር፣ ከቢታ ገነት የመጣች ሙሽራ ናት፤ የወንድሜ የመጀመሪያ ሚስት።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኛ ቤት ሙሽራ የባሏን እህት በስሟ መጥራት ነውር ስለነበር፣ በገባች በሳምንቷ የቁልምጫ ስም እንድታወጣልኝ ተጠየቀች። አማርኛዋ ገና ነው። ጎረቤቶች «እታለም በያት»፣ «እቴ አበባ በያት» እያሉ አዋከቧት። እሷ ግን ከእናቷ ቤት ካመጣችው ቅል ማር በጣቷ ዛቀችና አቀመሰችኝ። «እኔ አገር ያለ ይሄ ነው። ማሪቱ እልሻለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከጓሮ «ማሪቱ!» ስትል፣ «አቤት!» እያልኩ እበር ነበር። ፀጉሬን የምትሠራኝም፣ ስታመም አጠገቤ የምትተኛውም እሷ ነበረች።

ሦስት ዓመት ኖረች፤ አልወለደችም። እናቴ «መካን» ብላ አስወጣቻት። ወንድሜ፣ ያ ሁሉ ቁመት፣ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የሄደች ቀን ዝናብ ያካፋል። ሳጥኗን ባጃጅ ላይ ጭና ዞር አለችና «ማሪቱ!» አለችኝ። እናቴ በር ላይ ክንዴን ጨምድዳ «እንዳትመልሺላት!» አለችኝ። ደግማ ጠራችኝ። አልመለስኩም። ባጃጁ ቁልቁል ወረደ።

ሰጪዋን አባረው ስሙን አስቀሩት፤ ቅሉንም ጭምር! ሁለተኛዋ ሙሽራ መጥታ ሌላ ስም ልታወጣልኝ ስትል፣ እናቴ «ስም አላት» አለቻት።

ትናንት ልጅቷን በረንዳ ላይ አስቀምጬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ወሬዬን ሳልጨርስ እናቴ ከውስጥ «ማሪቱ!» ብላ ተጣራች። ፊቴን ባጃጁ ወደ ወረደበት መንገድ እንዳዞርኩ፣ ጮክ ብዬ «አቤት!» አልኩ።

እናቴ ለእሷ የመለስኩላት መሰላት።